አያቴ ተረት ያቆሙበት ዓመት

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ የምንኖረው ከደብረ ኤልያስ ወደ ዓባይ ቁልቁል በሚወርደው ጫካ አፋፍ ላይ ነበር። አባቴ አርበኞቹን ተከትሎ ዱር ከገባ ወዲህ ቤቱን የያዙት ወንድ አያቴ ናቸው። ያኔ ለኩራዝ የሚሆን ላምባ ስለማይገኝ፣ ሲመሽ ፍሙን ከበን እንቀመጥና ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን የጉሬዛን ተረት እንሰማለን።

አያቴ እንደሚሉት ጉሬዛ ድሮ መነኩሴ ነበር። የሰው ጠብ ቢሰለቸው ዛፍ ላይ ወጣ፤ ከነጥቁር ቀሚሱ፣ ከነነጭ ካባው እዚያው ቀረ። ዝንጀሮ የሰው እህል ሲያጠፋ፣ እሱ ግን አይነካም፤ ቅጠል በልቶ ያድራል። ጎህ ሲቀድ ከጫካው የምንሰማው ጉርምርምታም ጸሎቱ ነው ይሉን ነበር። በእኛ መንደር ጉሬዛ የሚገድል ሰው አልነበረም።

በኋላ ከጣሊያኖቹ ጋር የመጣ አንድ ነጋዴ ማርቆስ ላይ የጉሬዛ ቆዳ በጨው፣ በአቡጀዲና በእህል ይለውጥ ጀመር። ባሕር ማዶ ሴቶች ይለብሱታል ተባለ። ወጥመድ ያልሠራ ጎረቤት ጠፋ። ደሴ የሚባለው አጎቴም ለአደን ሊሄድ ቢነሣ አያቴ ከለከሉት።

ያን ዓመት ግን አዝመራችንን የጣሊያን ወታደሮች ከነክምሩ አቃጠሉት። እናቴ ወንድሜን የወለደችው በባዶ ቤት ነው። ጡቷ ደረቀ፤ ሕፃኑም ማልቀስ እንኳ እያቃተው መጣ። አንድ ጠዋት አያቴ አጠገቡ ተቀምጠው ብዙ ካዩት በኋላ አጎቴን ጠሩት።

«ጉሬዛዎቹ የሚያድሩበትን ዛፍ እኔ አሳይሃለሁ» አሉት።

«እርስዎ ይቅሩ አባባ፤ ፈልጌ አገኘዋለሁ።»

«ሳታውቅበት ታሠቃያቸዋለህ። አብሬህ እወርዳለሁ።»

ቆዳውን ተሸክመው ሲመለሱ ነጩ ፀጉር ደም ነክቶት ነበር። አጎቴ ወደ ደብረ ማርቆስ ወስዶ በገብስና በጨው ለውጦት መጣ። እናቴ አጥሚት ጠጣች፤ ጡቷም ወተት ያዘ፤ ወንድሜ ዳነ።

ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት የጉሬዛውን ተረት እንዲነግሩን ለመንናቸው። ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሱና፣ «ተኙ ልጆቼ» አሉን። ከዚያ ወዲያ ተረት የሚባል ከአፋቸው አልወጣም። ጨው የገባበት ወጥም እስኪሞቱ አልቀመሱም።

ጣሊያን ወጣ፤ አባቴም ተመለሰ። ወንድሜ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። እሱን ባየሁ ቁጥር አያቴ ያደረጉት ልክ ነበር እላለሁ። ይህን ግን እሳቸው በሕይወት ሳሉ አንድም ሰው አልነገራቸውም።