ኬላ ላይ የተያዘው የስኩዊድ መንቆር

ዛሬ ከጎንደር ወደ ገንዳ ውሃ በአውቶቡስ ስንወርድ፣ ኬላ ላይ አጠገቤ ከተቀመጠው ሰውዬ ቦርሳ አንድ ብልቃጥ ሙሉ ጥቁር መንቆር ወጣ።

ፈታሹ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አንስቶ «ይሄ የምን ድግምት ነው?» አለ። እኔ ቀስ ብዬ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

ሰውዬው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ አለ። መንቆሩ ስኩዊድ ከሚባል የውቅያኖስ እንስሳ የተወሰደ ነው፤ በውስጡ ያለውን አይሶቶፕ፣ ማለትም ምግብ በአካል ውስጥ የሚተወውን ምልክት፣ ለክተን እንስሳው ምን ሲበላ እንደኖረ እናውቃለን አለ።

«ባሕር በሌለበት አገር?» አለ ፈታሹ።

እኔም አላመንኩም። በዚህ መንገድ ሰሊጥ ነው ተብሎ ስንት ነገር አልፏል!

«ለተማሪዎቼ ማሳያ ነው። በሰው ፀጉርም ይሠራል፤ ሥጋ ሲበላ የከረመና ሽሮ ሲበላ የከረመ ይለያል።»

«የጾመና ያልጾመ ማለት ነው?» አሉ ከኋላ አንዲት እናት።

«ወደዚያው ነው፣ እናቴ።»

ጊዜው ሁዳዴ ነው። ፈታሹ ለሙቀቱ ያወለቀውን ኮፍያ እስከ ጆሮው አጠለቀና ብልቃጡን መለሰ። «በሉ ሂዱ!»

መምህሩን አሁንም አላመንኩትም። ስወርድ ግን የወንበሩ መደገፊያ ላይ የቀረችውን ፀጉሬን ለቅሜ ኪሴ ከትቻለሁ።

እናንተስ ኬላ ላይ ከሰው ቦርሳ ምን ሲወጣ አያችሁ? ኮፍያችሁን አድርጋችሁ ጻፉልኝ።