ቤቴን በሰው ስልክ ያየሁ ዕለት

ኔትወርክ ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው በሸዋሮቢት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። አገሩ በሙሉ «መቼ ይለቀቅ ይሆን?» እያለ ስልኩን ወደ ሰማይ ሲያነሳ እኔ አግዳሚ አስጨምር ነበር። ኢንተርኔት በተዘጋ ጊዜ የኳስ ማሳያ ቤቴ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። የተለቀቀ ለት ደግሞ ሰው ሁሉ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ በበሬ ያልፋል፤ ቬንቲሌተሬም ለራሱ ይነፍሳል። ለአገር ክፉ መመኘት ነውር ነው ይላሉ። ነውርነቱን አላጣሁትም። የቤት ኪራይ ግን ነውር አያውቅም።

ቤቷ ቆርቆሮ ናት። የሮቢትን ሙቀት ያልቀመሰ ሰው ቆርቆሮ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ባይገባው አልፈርድበትም፤ ከሰዓት በኋላ ገብቶ ጥቂት የተቀመጠ ሰው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጩ ሊላቀቅ ምንም አይቀረው። ትልቁ ቴሌቪዥን በግራ ጥጉ ተሰንጥቋል፤ ፍጹም ቅጣት ምት የተሳተበት ደንበኛ ጫማውን ወርውሮበት ነው። ስንጥቁን በነጭ ፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። ቬንቲሌተሩ በዞረ ቁጥር እንደ ተራበ ድመት ያላዝናል። መሃል ላይ ጣሪያውን የያዘ ምሰሶ አለ፤ ከሱ ጀርባ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የሜዳውን ግማሽ ነው። ግማሽ ኳስ ለማየት የሚከፍል ሰው ስለሌለ ያ ቦታ የአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የጓደኛዬ።

እኔና እሱ በጉብዝናችን አንድ መጋዘን ውስጥ የማሾ ጆንያ ስንሸከም ነው የኖርነው። እኔ ከዚያ ሥራ የወገብ ሕመም ይዤ ወጣሁ፤ እሱ የአቧራ ሳል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ ከሩቅ ይታወቃል። ቤቱን ስከፍት ያንን ምሰሶ ከኔ ጋር ተሸክሞ ያቆመው እሱ ነው። ስለዚህ አላስከፍለውም። እሱም ዘወትር ከምሰሶው ጀርባ ይቀመጣል። «ጥሩውን ቦታ ለከፋይ ልልቀቅ ብዬ ነው» ይለኛል። ይህን ጨዋነቱን ለሚስቴ ሳወራላት ፊቷን አጨማደደች።

«ኳስ እየወደደ ግማሽ ኳስ የሚያይ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ሌላ ነገር ያያል» አለች።

ሴት ክፉ ትጠረጥራለች ብዬ አለፍኩት።

ስለ ዲሹ ውልም ልናገር፤ ኋላ ይመጣል። ዲሽና ሪሲቨሩን የሸጠልኝ ወኪል «ለመኖሪያ ነው ለንግድ?» ብሎ ጠይቆኛል። የንግዱ ዋጋ እንኳን ለኔ ለትልቅ ሆቴልም የሚቀመስ አልነበረም። «ለመኖሪያ» አልኩት። «ቤተሰብ ብዙ ነው?» አለኝ። «ብዙ ነው» አልኩት። ውሸት አልተናገርኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ብዙ ነው።

እንግዲህ አንድ የውድድር ዓመት ላይ ኔትወርኩ መጣና ሳይጠፋ ቀረ። ደንበኛ ተመናመነ። የት ገባችሁ ስላቸው «በስልክ እናያለን፣ ላይቭ፣ በነጻ» ይሉኛል። በነጻ! እኔ በየወሩ እየከፈልኩ! ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት በገባሁ ቁጥር ሰባኪ ሆንኩ። «ሕገወጥ ነው! ኳሱ ባለቤት አለው! የሚያየውም የሚያስተላልፈውም ያው ሌባ ነው!» እላለሁ። ጭራሽ ወደ ዲሹ ድርጅት ቢሮ ሄጄ ልከስ ሁሉ አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ከምሰሶው ጀርባ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል።

«እውነትክን ነው» ይለኛል። «ሰው ከፋ።»

አንድ ቅዳሜ ቤቱን ለሚስቴ ትቼ ማሾ ልገዛ ወደ አጣዬ በካራቆሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የሽንኩርት ዘር በፌስታል የያዘ ገበሬ ተቀምጧል። ጀውሃን እንዳለፍን ስልኩን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አቆመ፤ ኳሱ ተጀምሯል። የኋላ ወንበር ላይ ያሉትም አንገታቸውን አስገቡ።

«ጠጋ ይበሉ ጋሼ፤ አብረን እንይ» አለኝ። «በነጻ ነው።»

አየሁ። ምስሉ ትንሽ ዘመም ብሏል፤ በቀኝ በኩል የሆነ ጥቁር ነገር ከልሎታል። ሰርቀው ሰርቀው ይህን ነው? ብዬ በልቤ ሳፌዝ፣ በግራ ጥጉ ነጭ ፕላስተር አየሁ። ወዲያው ያ የተራበ ድመት ሲያላዝን ሰማሁ። ቬንቲሌተሬ። ላቤ ሳይመጣ ድምፅ መጣ፤

«አንተ ቀይ ሸሚዝ! እግርህን ሰብስብ! አልጋ ነው እንዴ?»

ሚስቴ ናት።

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። «ጀመረች እትዬ!» አለ ከኋላ አንዱ። «እሷ ካልተቆጣች ኳሱ አይደምቅም።»

«ባልየው ግን ዛሬ የለም መሰል፤ ድምፁ ጠፋ» አለ ሌላው።

«ተመስገን በል! ባለፈው ጎል ልትገባ ስትል ‹ያልከፈለ አለ!› ብሎ ስክሪኑ ፊት ተገትሮ አይደል ያስመለጠን?»

«ወላሂ» አለ አጠገቤ ያለው ገበሬ፣ «ያንን ጌታው ጠጋ-በሉን ባገኘው፣ ከፊቱ ተገትሬ ቀኑን ሙሉ አልነቃነቅም።»

ጌታው ጠጋ-በሉ። ስም አውጥተውልኛል። እውነት ነው፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ማለት አበዛለሁ፤ ሰው ካልተጠጋጋ አግዳሚ አይበቃም። በፊቴ አያውቁኝም፤ ድምፄን ግን በደንብ ያውቁታል። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። ገበሬው ሲስቅ ሳቅሁ፣ ሲያዝን ራሴን ነቀነቅሁ፤ ድምፅ አላወጣሁም።

ከዚያ ሳሉ መጣ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከስልኩ አፍ አጠገብ፣ ጥርት ብሎ።

«የሚያስተላልፍልን ሰውዬ ነው» አለኝ ገበሬው። «ሳል ገደለው። አላህ ያሽረው፤ ደግ ሰው ነው። እኔ ቴሌቪዥኔ አጣዬ ስትቃጠል ከነቤቱ ነደደ። ቤቱን እንደ ምንም ቀጥቅጬ አቆምኩት፤ ቴሌቪዥኑ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የማየው በዚህ ሰውዬ ነው።»

ምን ይባላል? እዚያው እንዲህ አልኩ በልቤ፦ ሌላ ሰው ቢሆን እኮ እኔም ደግ ነው እለው ነበር።

አጣዬ ደረስን። መውረጃዬ ነው። «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ። ይህችን ሁለት ቃል የጮህኩ እንደሆነ ሚኒባሱ በሙሉ ዞሮ «ጠጋ በሉ!» ሊለኝ ነው። የሚኒባሱን ቆርቆሮ በጣቴ ደበደብኩ፤ ረዳቱ ከኳሱ ጋር ነው፣ አልሰማም። የምገዛው ማሾ በመስኮት አለፈኝ። ሁሉም ሲወርድ ካራቆሬ ላይ ወረድኩ። ገበሬውም በአንድ እጁ ትከሻዬን ይዞ፣ «ሲመችዎ ይግቡበት ጋሼ፤ ገጹን ላሳይዎ?» አለኝ። ራሴን ነቅንቄ ሄድኩ። ዲዳ ነው ብሎ ሳያዝንልኝ አልቀረም።

በሚቀጥለው ጨዋታ ቀጥ ብዬ ወደ ምሰሶው ሄድኩ። ስልኩ በላስቲክ ታስሮ፣ በፊቱ ልክ፣ ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ትናንሽ ቀይ ልቦች ስክሪኑ ላይ እየተንሳፈፉ ይወጣሉ።

«ምንድነው ይሄ?»

ዓይኑን በጨው ታጥቦ ቀና አለ። «ላይቭ ነው።»

«ለማን?»

«ለአጣዬ፣ ለካራቆሬ፣ ለማጀቴ። ዐረብ አገር ላሉት ልጆችም።» ሳለ። «ይወዱሃል እኮ። ሚስትህን ነው ይበልጥ የሚወዷት።»

«በኔ ቤት?!»

«ቤቱስ ያንተ ነው» አለ ረጋ ብሎ። «ኳሱም ያንተ ነው እንዴ?»

የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ከፍሎ የገባው ሁሉ። ስልኩን ነቅዬ ጭኑ ላይ ወረወርኩለት። አንስቶ በጋቢው ጫፍ ጠረገው፣ ተነሳና ወጣ። ምሰሶውን ሲያልፍ በመዳፉ መታ አደረገው፤ ድሮ ጆንያ አውርደን ስንጨርስ የመኪናውን ጎን እንደሚመታው።

ቢሮ ሄጄ እንዳልከስ ነገሩን መዘንኩት። ከሳሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው የራሱን ወረቀት ነው። የኔ ወረቀት ደግሞ «መኖሪያ» ይላል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉኛል። ስለዚህ ወደ ሽማግሌ ሄድኩ። ከሽማግሌዎቹ ዋናው የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ናቸው። ከሳቸው ዳኝነት ወጥቶ ያጉረመረመ ገበሬ የለም፤ ያጉረመረመ ቢኖር እንኳ ሽንኩርቱ ስለደረቀ ከገበሬ አይቆጠርም።

ቦዩ ዳር ከማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጥን። አካፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሁለታችንንም እስክንጨርስ ሰሙን።

«እኔ ከውሃ ሌላ አላውቅም» አሉ። «እስቲ በውሃ ልየው። ተራው የማን ነው?»

«የኔ ነው አባቴ፤ በየወሩ እከፍላለሁ» አልኩ።

«ለየትኛው መሬት ተብሎ ተሰጠህ?»

«ለ…» ብዬ ጀመርኩ። ጓደኛዬ ከጎኔ ሳለና፣ «ለጓሮው ተብሎ ነው» አለ። «እሱ ግን ሜዳውን ሁሉ ያጠጣበታል። እያስከፈለ።»

«አንተስ? ተራ አለህ?»

«የለኝም። እኔ ግን የፈሰሰውን ነው የያዝኩት። ከማሳ አልፎ የፈሰሰ ውሃ ለያዘው ነው፤ ወጉን እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

«አልፎ የፈሰሰ ነው፣ ወይስ ቦዩን በስተህ ያወጣኸው?»

እሱን ሳሉ ያዘው። የውሃ አባት አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩና አካፋውን መሬት ላይ አኖሩ።

«እንግዲህ አንዱ የጓሮ ተራውን ለሜዳ ሸጠ፤ አንዱ ቦይ በሳ። ተራ ሰጪው ደግሞ እዚህ የለም። እሱ በመጣ ቀን ሁለታችሁም ትቆማላችሁ። እሱ በሌለበት እኛ ልናስታርቃችሁ እንጂ ልንፈርድላችሁ አንችልም።»

«የጠጡትስ?» አልኳቸው። እኛን ብቻ ጥፋተኛ አድርገው የሚያዩትን በነጻ መልቀቃቸው አናደደኝ። «በስልካቸው የሚያዩትስ ጥፋት የለባቸውም?»

አካፋቸውን አነሱ። «የተጠማ ሰው ቦዩን ማን በሳው ብሎ አይጠይቅም» አሉ። «ቢጠይቅ ደግ ነበር። በሉ ተነሱ፤ አፉ ተባባሉ።»

በኛ አገር ሽማግሌ «አፉ ተባባሉ» ካለ አለቀ። ጓደኛዬ ተነሳ። ትከሻዬን ሊስም እጁን ዘረጋ። እኔ ግን የታየኝ ያ ሚኒባስ ነው፤ አንገቴን ሰብሬ፣ አፌን ዘግቼ፣ በሰው ስልክ በራሴ ቤት ሲሳቅብኝ። «እውነትክን ነው፣ ሰው ከፋ» ያለኝም ታየኝ። ነጠላ ጫማዬን አጠለቅሁና ሄድኩ።

ሌብነት በሮቢት ይረሳል። ሽማግሌ ረግጦ መውጣት ግን አይረሳም። ወደ ስልኩ ያልሄዱት ደንበኞቼም ከዚያ በኋላ እግራቸውን አሳጠሩ፤ በሬ ላይ ሰላም ይሉኛል፣ አይገቡም። ክረምቱ ሳይገባ ዘጋሁ። አግዳሚዎቹን እድሩ ገዛኝ፤ ለቅሶ ይቀመጡባቸዋል፣ ጠጋ በሉ የሚላቸውም የለም። ምሰሶውን የሚገዛ ስላጣሁ እዚያው ትቼው ወጣሁ። አሁን የሽንኩርት ችግኝ እሸጣለሁ። ችግኝ በላይቭ አይተላለፍም።

በቀደም ቅዳሜ ሚስቴ ደጃፍ ተቀምጣ ስልኳ ላይ ኳስ ከፍታለች። በነጻ። ስብከቱን ከተውኩ ቆይቻለሁ። አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ፤ የማላውቀው ቤት፣ የማላውቀው ቴሌቪዥን። አንድ ወፍራም ድምፅ «ክፈሉ እንጂ ጎበዝ!» እያለ ይጮሃል። የሚስቁበት መሆኑን አያውቅም ምስኪን።

«የት ነው ይሄ?» አልኳት።

«ከወንዙ ማዶ ያለው አዲሱ ኳስ ቤት ነው መሰለኝ።»

ልነሳ ስል ከስልኩ ውስጥ ተሰማ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ረጅሙ ድሮ እንዲህ አይረዝምም ነበር፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ማን ከማን እንደሚጫወት አላየሁም። ጨዋታው እስኪያልቅ ሳሉን ስጠብቅ ቆየሁ።

«ብሶበታል» አልኳት።

«ሂድና ጠይቀዋ» አለች፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል። «ወንዝ መሻገር ነው።»

ችግኞቹን ውሃ አጠጣሁ። አልሄድኩም።