ከበላያችን ፎቅ የነበሩት ሽማግሌ

ትናንት ከሰፈራችን ከሻርሆልመን ወደ መሀል ከተማ ስሄድ፣ ባቡሩ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ከቦርሳቸው ትንሽ ብልቃጥ አውጥተው ግንባራቸውን ቀቡ። ናና ናና የሚል፣ አፍንጫ የሚሰረስር ቅባት ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎም ያ ሽታ ያስደነግጠኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የክፍል ጓደኛዬ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። እናቷ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣች ነርስ ናት። በበረዶው ወራት አያቷ ለልብ ሕክምና መጡ። ጓደኛዬ በስዊድንኛ “ሙርፋር” ትላቸዋለች፣ የእናቴ አባት ለማለት፤ እኛም እንደ ስማቸው ያዝነው።

አጠር ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበሩ። ያን ቅባት ጆሯቸው ሥር ይቀባሉ። ብርቱካን ልጠው ለልጅ ልጃቸውና ለእኔ እኩል ያካፍሉናል። “የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ” ይሉን ነበር። ምን ይሠሩ እንደነበር ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው “የመንግሥት ሥራ” አሉኝ።

አባቴ በስደት የመጣ፣ ሰው ቶሎ የማያምን ሰው ነው። ከእሳቸው ጋር ግን በተሰባበረ እንግሊዝኛ እያወሩ ዳማ ሲጫወቱ ይውላሉ። ታናሽ ወንድሙን፣ ተማሪ ሳለ ወታደሮች ከቤት ወስደውት የቀረውን፣ ለእኛ እንኳ አንስቶልን አያውቅም። ለሙርፋር ግን ነገራቸው። ሻይ ይዤ ስገባ የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ያለቅሱ ነበር።

አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሁላችንም፣ ሥራ ከገባችው ከጓደኛዬ እናት በቀር፣ እኛ ቤት ምሳ በልተን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ነበር። ከውጭ ካለው በረዶ የሚመጣው ነጭ ብርሃን ሳሎኑን ሞልቶታል። ዜናው ላይ የአገራቸው ስም ሲጠራ ጓደኛዬ ድምፁን ጨመረችው። መጀመሪያ አሮጌ ፊልም ታየ። ሰፊ አደባባይ፤ ተማሪዎች እጃቸው የፊጥኝ ታስሮ በደረታቸው አስፋልት ላይ ተኝተዋል። በመሀላቸው አንድ መኮንን ቀስ እያለ ይራመዳል። አረማመዱን አወቅኩት። ቀጥሎ ያው ሰው አርጅቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ መድረክ ላይ እጁን ያውለበልባል። የዋና ከተማዋ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል የደንብ ልብሳቸውን አውልቀው ፓርቲ መሥርተዋል፣ ተመርጠው ሚኒስትርም ሆነዋል፤ አሁን ደግሞ ከሕክምና ሲመለሱ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደራሉ፣ አለች ዜና አንባቢዋ። ከአደባባዩ ከተወሰዱት ተማሪዎች ብዙዎቹ የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

“ሙርፋር?” አለች ጓደኛዬ።

አባቴ ከቴሌቪዥኑ ወደ እሳቸው ዞረ።

“እርስዎ ነዎት?” አለ አባቴ።

“ወታደር ነበርኩ” አሉ። “ኋላ ደግሞ ሕዝቡ መረጠኝ።”

“ያን ቀን ያለቀሱት ለማን ነበር?”

“ለወንድምህ።”

“ለእነዚህስ?” አለ አባቴ፣ በጣቱ ቴሌቪዥኑን እያሳየ።

ሙርፋር ተነሱ። ጫማቸውን አድርገው፣ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ። አባቴ ተነስቶ እጁን በሳሙና ታጠበ። ትንሽ ቆይቶ ሄዶ እንደገና ታጠበ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ሲያነሳቸው “እሱ” ነው የሚላቸው። እኔ ግን፣ ይኸው እንደምትሰሚኝ፣ አንቱታው ከአፌ አልጠፋም። ብርቱካን የላጡልኝ ሰውዬና ያ መኮንን አንድ ሰው መሆናቸው ዛሬም አይዋጥልኝም።

ሙርፋር ብዙም ሳይቆዩ ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። ተወዳደሩ፤ አሸነፉም።

በሄዱ ማግስት ጓደኛዬ በራችን ላይ ቆማ ነበር። ደወሉን አልደወለችም፤ አባቴ ቆሻሻ ሊጥል ሲወጣ ነው ያገኛት።

“አሁንም መምጣት...” ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

“ግቢ ልጄ፣ ይበርዳል” አላት በአማርኛ። ቋንቋውን አታውቅም፤ ግን ገባት። ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች።

በረዶው ሲቀልጥ እነ ጓደኛዬ ወደ ሄሰልቢ፣ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ተዛወሩ። ትንሽ ጊዜ ተደዋወልን፤ ከዚያ እየሳሳ ሄዶ ቀረ። አባቴ አሁን አርጅቷል፤ ብዙ ነገር ይረሳል። እሷን ግን አልረሳም።

“ያቺ ልጅ እንዴት ናት?” ይለኛል አንዳንዴ።

“ደህና ናት፣ አባዬ” እለዋለሁ። የት እንዳለች እንኳ አላውቅም።