ባሌ ስለ ቻይና ተማሪዎች የጻፈው ገጽ

ባሌ ታን ሼንግዩ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ከተማ፣ ቦክስ ሂል በሚባል ሰፈር የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናል። ከቻይና የመጣው በተማሪ ቪዛ ነው፤ ጠዋት እንግሊዝኛ ይማር፣ ማታ ሥጋ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ አዲስ አመል አወጣ። ማንም ሰው ገብቶ በሚጽፍበት የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ፣ ወደ ውጭ አገር ስለሄዱ የቻይና ተማሪዎች መጻፍ ጀመረ። "ይከፍሉሃል?" ስለው "አይከፍሉም" አለኝ። "ስምህስ ይወጣል?" "አይወጣም።" እልኸኛ ነው፣ ተውኩት።

ለምን እንደሚጽፍ ግን አውቅ ነበር። ገጹ መካከል አንድ አጭር አንቀጽ አለች፤ ጉ ቼንግየ የሚባል፣ የቻይናዋ ጂናን ከተማ ልጅ፣ ተማሪ ሳለ በሥጋ ፋብሪካው ማሽን ተይዞ እንደሞተ የምትናገር። ታንና ቼንግየ አንድ ክፍል ተጋርተው ይኖሩ ነበር፤ አመዱንም ለእናቱ ያደረሰው ታን ነው። እማማ ጉ ዛሬ ዘጠና ሊሞላቸው ነው። የእህታቸው ልጅ ገጹን ወደ ቻይንኛ እየመለሰች ታነብላቸዋለች። "ልጄ መጽሐፍ ላይ አለ" ይላሉ ለጎረቤት ሁሉ።

ባለፈው ክረምት ገጹ አናት ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። ይህ ጽሑፍ ይቆይ ወይስ ይሰረዝ? ጥያቄውን ያነሳው ዋትል በሚል ስም የሚጽፍ ሰው ነው። አብዛኛው የጸሐፊው ትዝታ ነው፣ ምንጭ የለውም ይላል። ለአንድ ሳምንት የፈለገ ይከራከራል፤ ከዚያ አንድ ፈቃደኛ ክርክሩን አንብቦ ይወስናል። ታን ሱቁን ዘግቶ ኮምፒውተሩ ፊት ተተከለ። የሩዝ ገንፎው ቀዘቀዘ፣ አሞቅኩት፣ ደግሞ ቀዘቀዘ።

ጥፋቱ ለእትዬ ፋንግ መንገሩ ነበር። እትዬ ፋንግ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ናት፤ ለሠርግም ለቀብርም ሰው የምታሰባስብ እሷ ናት። ዊቻት በሚባለው የቻይናዎች የስልክ መልእክት መላኪያ ለማኅበሩ በሙሉ "ወገኖች፣ ግቡና ይቆይ በሉ!" ብላ ላከች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ክርክሩ በሰው ተጥለቀለቀ። "ይቆይ፣ እኔም ተማሪ ነበርኩ።" "ይቆይ፣ ጎበዝ!" አንዱማ የምግብ ቤቱን ስልክ ቁጥር ጨምሮበታል።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ፋንግ ራሷ መንደሪን ይዛ መጣች።

"አየህ ታን? አንድ ይሰረዝ ላለ መቶ ይቆይ!"

"እትዬ፣ ምን ነካሽ? ድምፅ አይቆጠርም እኮ፤ የሚመዘነው ክርክሩ ነው! ተጠራርተው መጡ ብለው አሁን እኔንም አያምኑኝም።"

"ወይ ጉድ! ሰው መጥራት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?"

"እነሱ ዘንድ ነውር ነው!"

"እንግዲያው ወዳጅ የላቸውም" አለችና መንደሪኑን ራሷ ልጣ በላች።

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ የታን የአንገት ሥር ተገትሮ ሳይ ዋጥኩት።

እንደፈራውም አንዱ ከሥር "እነዚህ ከውጭ የተጠሩ ናቸው፣ ከግምት አይገቡም" ብሎ ጻፈ። ታን ቤተ መጻሕፍት ተመላለሰ። መጻሕፍት፣ የመንግሥት ሪፖርቶች፣ የድሮ ጋዜጦች እያገላበጠ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ምንጭ አስገባ። ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ዋትል መለሰ። "ግሩም ሥራ ነው። የቀረው ስለ ጉ የሚናገረው አንቀጽ ብቻ ነው። የታተመ ምንጭ ካለው ያምጡ፤ ከሌለው እሱ ይውጣና እኔም ይቆይ እላለሁ።"

ምንጭ አልነበረም። ታን የዚያን ዓመት ጋዜጣ አንድ በአንድ አይቷል፤ ስለ ቼንግየ አንዲት መስመር የጻፈ የለም።

"ደሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ" አለኝ። "እኔ ምንጭ አይደለሁም?"

"ለኔ ነህ።"

"ላንቺማ!"

"እንግዲያው ሙሉውን ይሰርዙት! ያለ ቼንግየ ምን ያደርግልሃል?" ብዬ ጮህኩ። ዋትል በጨዋ አነጋገሩ አቃጥሎኝ ነበር።

"ሌሎቹም ልጆች አሉበት" አለ ታን። "በሱ ምክንያት ሁሉም ይጥፉ?"

አንቀጿን ራሱ አጠፋት። እጁን ልይዘው ፈልጌ ሳልይዘው ቀረሁ።

በነጋታው ይቆይ ተብሎ ተወሰነ። የእትዬ ፋንግ የዊቻት ቡድን "አሸነፍን!" እያለ በርችት ሥዕል ተሞላ። ታን የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ጂናን ለእማማ ጉ ደወለ። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር፤ እሱም የሚዋሽ መስሎኝ ነበር።

"እማማ፣ ገጹ ተርፏል። የቼንግየን ግን አጠፋሁት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"ለምን ልጄ?"

"ጋዜጣ ላይ ስላልወጣ አይቀበሉትም።"



"እኔ ዛሬ ነገ ነኝ" አሉ። "አንተም አርጅተሃል። ከዚያ ወዲያ ልጄ እንደነበረ ማን ያውቃል?"

ስልኩን ከታን እጅ ነጠቅኩት። ቼንግየን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

"እኔ አለሁ እማማ" አልኳቸው። "ከታን በስድስት ዓመት አንሳለሁ።"