ስሟን ያወጡላት ሽማግሌ

ባለፈው ሳምንት፣ ጠዋት ላይ፣ ከዋጃ ወደ ቆቦ ስመለስ ነው። የታመመች እህቴን ጠይቄ ሱቄን ለመክፈት እየተጣደፍኩ ነበር። የገበያ ቀን ስለሆነ ሚኒባሱ ከነትርፉ ጢም ብሏል።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አዲስ ጋቢ፣ የተወለወለ ጫማ፣ ከዘራ... ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ እያለ «ኖር» ያላቸው ዓይነት ሰው። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ደም የሚያደርቁ ትልቅ ሰው መሆናቸውን ከሰላምታው ተረዳሁ።

ሬድዮው ስለ ውርጃ ያወራል። አንዲት ሴት፣ ተደፍራ ያረገዘች ልጅ ውለጂ ተብላ መገደድ የለባትም ትላለች፣ አንዱ ደግሞ ነፍስ ነው እያለ ይሞግታታል። እውነቱን ለመናገር እኔም ውርጃ ሲባል ደስ አይለኝም። ላለመስማት ብዬ በመስኮት ማሽላውን እያየሁ ነበር።

ሽማግሌው ግን አላስቻላቸውም። «ልጅ በእድሉ ያድጋል። እግዜር የሰጠውን ማን ነው የሚመልሰው?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሰዉም ልክ ነው፣ ልክ ነው አላቸው። ከዚያማ ማን ይቻላቸው... የዘንድሮ ሴት ሐኪም ቤት መሮጥ ለምዳለች፣ ትልቅ ሰው አትሰማም፣ ሕፃን በረከት ነው፣ ምኑ ቅጡ። እኔ በበኩሌ በእድሉ ያደገ ልጅ አይቼ አላውቅም፤ የማውቃቸው በሙሉ በሴት ጀርባ ላይ ነው ያደጉት። ግን ለሽማግሌ መልስ አይሰጥም ብዬ ዋጥ አደረግኩት።

መንገድ ላይ አንዲት ልጅ ሕፃን ይዛ ገባች። ቢበዛ አሥራ ስምንት ቢሆናት ነው። መቀመጫ ስለሌለ ጎንበስ ብላ ቆመች። መቼም እኛ ጋ መኪና ሲሞላ የቆመ ሰው ልጁን ለተቀመጠ ያቀብላል፣ የተቀመጠውም የማን ልጅ ነው ሳይል ይታቀፋል። እሷም ሕፃኗን ቅርቧ ወዳሉት ወደ ሽማግሌው ዘረጋች።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ትሸናብኛለች የኔ ልጅ፤ ለትልቅ ጉዳይ ነው የምሄደው።»

ያ ሁሉ በረከት የት ገባ... እኔ ተቀብዬ ታቀፍኳት። እውነትም ሸናችብኝ።

ትንሽ እንደሄድን ስልካቸው ጠራ። የሚያወሩት ሚኒባሱ ሁሉ እየሰማ ነው። ነገሩ ቀስ በቀስ ገባኝ። ቆቦ ውስጥ አንዲት ተማሪ ተደፍራ አርግዛለች፤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዛለች፤ እሳቸው ደግሞ የደፈራት ሰው ቤተሰብ ልኳቸው ሊሸመግሉ እየሄዱ ነው። «እኔ ሳልደርስ ልጅቱ ከቤት እንዳትወጣ» ብለው ዘጉት።

ስልኩን ኪሳቸው ከተው፣ ደስ ብሏቸው፣ የሕፃኗን ጉንጭ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ስሟን ጠየቁ።

«አስታርቃቸው» አለች እናትየዋ።

«ደግ ስም ነው። ማን አወጣላት?»

«አንቱ ነዎት አባባ።»

ትክ ብለው አዩዋት... አላወቋትም። እየማልኩ ነው የምነግራችሁ፣ ጭራሽ አላወቋትም።

ልጅቱ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ አስታወሰቻቸው። አሥረኛ ክፍል እያለች የጎረቤት ጎረምሳ ደፈራት። ጤና ጣቢያ ሕጉ ይፈቅድልሻል ብለው ቀጠሯት። በቀጠሮው ዋዜማ ሽማግሌዎች ጎረምሳውን ድንጋይ አሸክመው አባቷ ግቢ ገቡ። ሁለቱ ቤተሰብ ደም እንዳይቃባ፣ የሚወለደውን እኛ እናሳድጋለን፣ እኛ አለን ብለው ማሉ። ድንጋይ የተሸከመ ጥፋተኛና የሚለምን ሽማግሌ ደጁ ቆሞ እምቢ የሚል አባት ደግሞ እኛ ዘንድ የለም። እሷን የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። ሁለቱን ቤት አስታረቀች ተብሎ የሕፃኗ ስም እንኳ በእሳቸው ወጣ። ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሳ ጎረምሳው በአፋር በኩል አድርጎ ሳውዲ ገባ። ቤተሰቦቹ አናውቅሽም አሏት። ከማሉት ሽማግሌዎች ደጇን የረገጠ አንድም የለም።

ያን ቀን ቆቦ የምትሄደው ያቋረጠችውን ትምህርት ልትቀጥል ብላ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጅ ይዘሽ መማር አይሆንም ስላላት፣ ሕፃኗን የሚይዝላት ዘመድ ልትለምን።

«ያው... ሁሉን እግዜር ያውቃል» አሉ ሽማግሌው። በቃ። ይኸው ነው መልሳቸው።

አንገሸገሸኝ። ቢያፍሩ እንኳ ጥቂት ይቀለኝ ነበር፤ እሳቸውን የከነከናቸው ግን ሰው መስማቱ ብቻ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና ከዚህ በኋላ አንቱታው ከአፌ አልወጣ አለኝ።

መነኸሪያ ሳንደርስ፣ ገና ቆቦ መግቢያ ላይ፣ ሰውዬው «ወራጅ» አለ። ልጅቱም ሕፃኗን ከእጄ ወስዳ አዘለችና ተከትላው ወረደች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?» አላት።

«ካንቱ ጋር ነዋ። ያችን ልጅ እኛ አለን ሲሏት እኔም ልጄን አዝዬ ከጎንዎ ልቁም። አይታን ትወስን።»

ሰውዬው ከዘራውን ብብቱ ስር ወሽቆ እግሬ አውጪኝ አለ። እሷም አልቆመችም። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ እንኳ አልንቀሳቀስ አለ፤ ሁላችንም በመስኮት እናያለን። ቅድም ልክ ነው ሲሉ የነበሩትም አንገታቸውን አስግገዋል።

የትኛው ቤት እንደገቡ አላውቅም... ብቻ እሷ ቀድማው በደረሰች።