አናቱ የተሰበረ መቋሚያ

ቅርጻ ቅርጽ ተምሬ በማዕረግ ብመረቅም የመምህርነት ቦታዬን አንድ የክፍል ጓደኛዬ በዘመድ ወሰደብኝ። ይኸው ዛሬ ፒያሳ የተሰበረ ዕቃ እጠግናለሁ።

በቀደም አንድ የኔታ ኮሶዬ ከምትባል ገጠር አናቱ የተሰበረ መቋሚያ ይዘው መጡ።

«ለነገው ማኅሌት አድርስልኝ፤ ያለ እሱ መቆም አልችልም» አሉኝ።

ኢፖክሲ የሚባለውን መጠገኛ ጭቃ ከሁለቱም ዓይነት እኩል ቆርሼ አሸሁና መቅረጽ ጀመርኩ።

«የሚያግዝዎ ልጅ የለም?»

«አለ እንጂ! ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል።» ስሙን ሲነግሩኝ ያው ጓደኛዬ ነው። እጄ ቆመ። ጭቃው ግን አንዴ ከተደባለቀ አይጠብቅም፤ መጠንከር ጀምሯል።

«ምነው፣ ደከመህ?»

«የለም፣ የኔታ።» ቀርጬ ጨረስኩት።

መቋሚያውን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ሸጋ ነው! ልጄም ‹በእጁ ከእኔ ይበልጣል› ብሎ ነው የላከኝ። ማን እንደላከኝ እንዳልነግርህ ግን አደራ ብሎኛል።»