እማዬ የለቀመችው ጠጠር

ሰው በወለል ጠጠር ይጣላል ቢሉኝ እስቅ ነበር። እኔ ግን ቡራዩ፣ አስፋልት ዳር ያለ ጠጠር መሸጫ ግቢ ውስጥ፣ ሰው እያየን ከገዛ እናቴ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ።

ሱሉልታ የጀመርነው ቤት ጣሪያው ተመትቶ ወለሉ ብቻ ቀርቶን ነበር። እማዬ ያን ጊዜ ሰበታ ብቻዋን ትኖራለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰበታ ገበያ ጥራጥሬ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። አባቴ ከሞተ በኋላም ሱቋን አልዘጋችም፤ ያስዘጋት የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ነው። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ አለን። የቀረው ደግሞ ምን አለና! ጥላና ብርሃን ትለያለች፣ ቀለሙ ደመቅ ያለ ነገር ቀርባ ታያለች፣ በቃ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ይበቃኛል" አለች። ከክሊኒኩ ስንወጣ ግን ክንዷን ከእጄ መንጭቃ አስለቀቀችኝና "ስሚ፣ ሰው ደግፎ ሽንት ቤት ያደረሰኝ ቀን ሞታለች በሉኝ" አለችኝ። ቀልድ አይደለም። እማዬ አምስቱንም ሶላት በወቅቱ የምትሰግድ ሴት ናት፤ ለእያንዳንዱ እጅ እግሯን ታጥባ ውዱእ ታደርጋለች። በዚያ ላይ ውኃ ወዳድ ናት፣ ጆግ ከአጠገቧ አይጠፋም። በቀን ስንት ጊዜ ወደዚያ በር እንደምትመላለስ አስቡት።

እንግዲህ እኔም አሰብኩ፣ አሰብኩና አንድ ነገር መጣልኝ። የእሷ ክፍልና ኮሪደሩ ግራኒሊያ ይሁን፤ ማለት ጠጠር ከሲሚንቶ ጋር ተለውሶ ይፈስና ሲደርቅ በማሽን ተሞርዶ የሚያበራው የድሮ ወለል። ወለሉ ነጭ እብነ በረድ ሆኖ፣ ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤቱ በር ድረስ በጥቁር ጠጠር ሰፊ መስመር ይሰመርበት። ጥቁሩን ተከትላ ብቻዋን ትሄዳለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አገር ያቀናሁ ነው የመሰለኝ።

ሥራውን የያዘልን የሱሉልታ ሰው ነው፤ ሁላችንም በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ ነው የምንለው። ነጭ ሲሚንቶ ከገበያ ስለጠፋ በተራው ሲሚንቶ እንሠራዋለን፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ጠጠሩ ነውና እሱን አደራ፣ አለኝ። ጠጠር ደግሞ በደረቁ አይመረጥም። ሁሉም አቧራ ለብሶ አንድ ዓይነት አመድ ነው የሚመስለው። ነጋዴው እፍኝ ዘግኖ ሰፌድ ላይ ይበትንልሻል፣ ውኃ ይረጭበታል፣ ያኔ ተሞርዶ ሲያልቅ የሚኖረው መልክ ይወጣል።

ጠቡ የተነሳው እዚያ ሰፌድ ላይ ነው። እማዬ አፍንጫዋ ሰፌዱን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ ብላ አየችና "አረንጓዴውን" አለች።

"እማዬ፣ አረንጓዴው ከነጩ አይለይልሽም።"

"ያምራላ!"

"ለማማር አይደለም እኮ የምንሠራው፣ ላንቺ ነው!"

ቀና አለች። "አዎ፣ ለእኔ ነው። እንግዳ በገባ ቁጥር የዕውሯ መንገድ ይቺ ናት እንዲል ነው?" አለች፣ ነጋዴው እየሰማ።

ግን እልኸኛ ነኝ፣ እሷም ያወረሰችኝ ይህንኑ ነው። ጥቁር ብዬ ጥቁር አስጫንኩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ "ለጌጥ ነው በያቸው እሺ፣ ሰው ከጠየቀ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ክረምቱ ሳይወጣ፣ ወለሉም ሳያልቅ፣ ሰበታን ለቃ እኛ ጋ መጣች። ሱሉልታ በክረምት ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል፤ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ በር ላይ ይቀመጣል፣ በማለዳ አስፋልቱን ይዘው የሚሮጡት አትሌቶች እንኳ ኮቴያቸው እንጂ መልካቸው አይታይም። አንድ ቀን በእኩለ ቀን "መብራት ጠፋ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ጉሙ ነው እማዬ፣ አልኳት። አላወቅኩማ! እኔም ጉሙ መስሎኝ ነው።

ከዚያ የጠጠሩ ጆንያዎች ተቀደዱ። ሲሚንቶ ከሚቦካበት ቦታ አጠገብ ተደርድረው ዝናብ ሲመታቸው ከርሞ፣ ሲነሱ ቂጣቸው እየተበጣጠሰ ነጩም ጥቁሩም አንድ ላይ ተዘረገፈ። ሁሉም ሲሚንቶ ለብሶ የትኛው የቱ እንደሆነ ለእኔም ግራ ገባኝ። እሪ አልኩ። ቡራዩ ሄደን ሌላ እናምጣ ስል እማዬ ከውስጥ ሰማችን።

"ሰፌዴን አምጡልኝ" አለች። "ምስርና ሽንብራ ስለቅም የኖርኩ ሴትዮ ጠጠር ያቅተኛል? ቀስ ብዬ አጥቤ እለቅመዋለሁ።"

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እዚህ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ የድሮው የሱቅ ድምፅዋ ሆነ። ጠዋት አዲስ አበባ ለሥራ በሚኒባስ ስሄድ በረንዳው ላይ ሰፌዷን ጭኗ ላይ፣ ባልዲ ውኃ አጠገቧ አድርጋ ትቀራለች፤ ማታ ስመለስ "የዛሬው ይኸውና" ትለኛለች። ደክሞኝ ነው የምገባው፣ በዚያ ላይ ጨልሟል። ጆንያ ከፍቼ አላየሁም፤ የእማዬን እጅ ያወቀ ሰው ለቅማ የሰጠችውን ነገር ከፍቶ አያይም። ሰበታ ገበያ ከእሷ ምስር የሚገዙ ሴቶች ሳይለቅሙ ነበር ድስት የሚከቱት።

ወለሉ እኔ ሥራ ቦታ እያለሁ ፈሰሰ። ሲፈስስ ደግሞ ምኑም አይታይም፤ ሲሚንቶው ላዩን ይሸፍነዋል። እስኪጠነክር እያረጠብን ጠበቅን። ሊሞረድ የተቀጠረው ቅዳሜ ስለነበር ቤት ነበርኩ። ማሽኑ ቤቱን ሲያናውጠው ዋለ፣ አመድማው ጭቃ በደጅ ወረደ። በመጨረሻ ኦቦ ማሽኑን አጠፋና የውኃውን ጎማ ይዞ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በውኃ አጠበው።

መስመሬን ፈለግኩ። መስመሩን ለመለየት የተተከሉት ሁለቱ የመስታወት ጠርዞች ቀጥ ብለው ከአልጋዋ እስከ በሩ ይታያሉ። በመሀላቸው ግን ጥቁርና ነጭ ተደባልቋል። ከእነሱ ውጪም ጥቁርና ነጭ ተደባልቋል። ምንም ልዩነት የለውም፣ አንድ ዝንጉርጉር ወለል ነው።

አፌን ከፍቼ ወደ ኦቦ ዞርኩ፣ ልጮኽበት ነው። እሱ ግን እኔን አያየኝም፤ በር ላይ ወደ ቆመችው እማዬ ነው የሚያየው።

"አያችሁ!" አለች እማዬ። ፊቷ በርቷል። "ጥቁሩ እንዴት ቁልጭ ብሎ ወጣ! ለጌጥም ይሆናል እኮ!" ይህን ስትል ዓይኗ ወለሉ ላይ አልነበረም። ማሽኑ ሲጮኽበት ወደነበረው ጥግ፣ ወደ ግድግዳው ነበር የምታየው።

ያ ረቢ! ከመቼ ጀምሮ ነው? መብራት ጠፋ እንዴ ካለችኝ ቀን ጀምሮ? ያን ሁሉ ቀን እዚያ በረንዳ ላይ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ነው ጠጠር ስትለቅም የነበረው?

"አዎ እማዬ፣ ቁልጭ ብሏል" አልኳት።

ኦቦን ግቢው በር ድረስ ተከትዬ ወጣሁና ያዝኩት። አላዩም ወይ? ዓይን የለዎትም? ምን ነክቶዎት አፈሰሱት? ብዬ ወረድኩበት። አስጨርሶኝ "አይቻለሁ" አለ። "ስናቦካው እናትሽ አጠገቤ ቆመው ነበር። 'ጥቁሩ ጠርቷል አይደል ልጄ?' አሉኝ። ጠርቷል ሀርሜ፣ ጠርቷል እናቴ፣ ገለቶማ፣ ይስጥልኝ፣ አልኳቸው። ታዲያ ምን ልበላቸው? እናት የለቀመችውን ፊቷ ቆሜ ልድገመው? እኛ ጋ እንዲህ አይደረግም።" እኛም ጋ አይደረግም።

አፍርሰን እንደገና እንሥራው አላልኩም። ለማን ይሠራል? ለየትኛው ዓይን?

አሁን ያን ኮሪደር አብረን ነው የምንሄደው። መጀመሪያ ሰሞን ብቻዋን ልትሞክር ተነሳችና ከበሩ ጠርዝ ጋር ተላትማ ግንባሯ አበጠ። "ማን ነው በሩን የዘጋው?" አለች። በሩ ክፍት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤት ካለሁ ስትነሳ ቀድሜ እደርስና "እማዬ፣ ይኼ ወለል ያንሸራትታል፣ እፈራለሁ፣ ያዢኝ" እላታለሁ። "ፈሪ!" ትለኛለች፣ ክንዴንም ትይዛለች። እሷ እኔን የደገፈች መስለን እንሄዳለን። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ "እንዴት ያምራል ይኼ ዝንጉርጉሩ! ማን መረጠላችሁ?" ይለናል። "እኔ ነኝ የመረጥኩት" ትላለች እማዬ፣ ሳትፈራ ሳትቸር።

አንድ ነገር ግን ዘግይቼ ነው ያየሁት። ከሥራ ስገባ ጆጉን አነሳለሁ፤ ጠዋት የሞላሁት ውኃ ብዙም አልጎደለም። የቀትሩን ዙህር በሰገደችበት ውዱእ የማታውን ኢሻ ለመስገድ፣ ወደዚያ በርም ላለመመላለስ ስትል ከምሳ ጀምሮ ውኃ አትቀምስም፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "ጠጪ እንጂ እማዬ" ስላት "አልጠማኝም" ትለኛለች።